መብራት በሌላት ቀይ መኪና ወደ ከሚሴ

ሀዋሳ ያላችሁ ጎረቤቶቼ «እንዴት ነበር መንገዱ?» ባላችሁኝ ቁጥር «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነበር» ብዬ አልፌያችኋለሁ። ደህና አልነበረም። አሁን ቤቴ ገብቼ፣ የመንገዱን አቧራ ከልብሴ አጥቤ፣ ልቤም ወደ ቦታው ከተመለሰ በኋላ በአላህ ስም ልጀምርና እንደነበረው ልጻፍላችሁ። ሰርጉማ አማረ፤ ፎቶውን አይታችኋል። ፎቶ ላይ የማይታየው መንገዱ ነው።

ከሁሉ በፊት ስለ እናቴ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ፤ አለበለዚያ ያን ያህል የተጨነቅኩበት ነገር አይገባችሁም። እናቴ ከሚሴ ነው የምትኖረው። ስኳር አለባት፤ ጠዋት ጠዋት መርፌዋን ትወጋለች። ታላቅ ወንድሜ ሰይድ በመኪና አደጋ ከሞተ ወዲህ ደግሞ ከልጆቿ አንዱ መንገድ ላይ በዋለ ቀን እህል አትቀምስም። መጪው ደጃፏ ላይ ቆሞ በዓይኗ እስክታየው ድረስ ውሃ ብቻ ነው። ሐኪሙ ተቆጥቷታል። የሰፈራችን ሼህ ሳይቀሩ «መርፌ ወግቶ ሳይበሉ መዋል ራስን መጉዳት ነው፣ አይፈቀድም» ብለዋታል። «ጾም ብዬ አይደለም ሼሄ፣ ጉሮሮዬ እምቢ ብሎኝ ነው» አለቻቸው። ስልክም አይረዳም። ሰይድ የሞተ ዕለት በስልክ «ትንሽ ተጎድቷል እንጂ ደህና ነው» ነበር ያሏት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በስልክ «ደህና ነኝ» የሚላትን ሰው አታምንም።

የምንሄደው የዚሁ የሰይድ ልጅ፣ ሶፊያ፣ ልትዳር ስለሆነ ነው። ባለቤቴ ከማል «ሰኞ እንመጣለን በያትና እሁድ እንግባ፤ እንዲያ ከሆነ በልታ ትውላለች» ብሎኝ ነበር። እናቴን አልዋሽም አልኩት። እሁድ ቀትር ላይ እንገባለን ብዬ እውነቱን ነገርኳት።

ቅዳሜ

የከማልን መኪና ለማታውቁ፦ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ የእንግሊዝ ስሪት፣ ጣሪያዋ እንደ ጃንጥላ የሚታጠፍ ሸራ የሆነ፣ በዕድሜ እኔን የምትበልጥ የስፖርት መኪና ናት። ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ የውጭ ሰው ገዝቷት፣ ዓመታት ሙሉ የዕረፍት ቀኑን ከሥሯ ተኝቶ ነው ያሳለፈው። እኔ ሒጃቤን አድርጌ እሷ ውስጥ ስቀመጥ ሰው ያየኛል እያልኩ አንገቴን እደፋለሁ። ዝቅ ከማለቷ የተነሳ የባጃጅ ሹፌር እንኳ ቁልቁል ነው የሚያየን።

ሙሽራዋን በእሷ እወስዳታለሁ ብሎ ለዘመዶቼ ቃል የገባው ከማል ነው። አማቶቹ ፊት መኪናዋ እንዲያ ተላልጣ አትቀርብም ብሎ እንደ አዲስ አስቀባት። ቀለም ቀቢው መብራቶቿን ሁሉ፣ ከመሪው ፊት መለኪያዎቹ ያሉበትን ክሩስኮት ሳይቀር ነቅሎ ቀብቶ መለሰው። ስትመጣ የበሰለ ቲማቲም መስላ ነበር። እኔም ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

ከሱብሒ ሶላት በኋላ ጎረቤቶቼ ዱዓ አድርገውልን ወጣን። የሙሽራዋ ልብስ ጭኔ ላይ፣ ሻንጣው ከእግሬ ሥር። ዝዋይ ላይ አሳ በላን። አሳ ጠባሹ ከሀዋሳ መምጣታችንን ሲሰማ «የኛን ለማማት ነው የመጣችሁት» ብሎ የበሰለውን ትቶ ከውሃ የወጣውን ጠበሰልን፤ ከኛው አሞራ ገደል አሳ አያንስም፤ ይህን ስል ይቅር በሉኝ።

መቂን እንዳለፍን የፍጥነት መለኪያዋ መርፌ መንቀጥቀጥ ጀመረች። አንዴ ወደ ላይ ትዘልላለች፣ አንዴ ወርዳ ትተኛለች፤ እኛ ግን ያው እንሄዳለን።

«ስንት ላይ ነን?» አልኩት።

«እሷ እንደምትለው ከሆነ አሁን ቆመናል» አለ ከማል።

እሱ ሳቀ። እኔ የሰይድን ሹፌር አሰብኩ። ያ ሰው ስንት ላይ እንደነበር ማንም አልነገረንም።

አዲስ አበባ የከማል የአክስት ልጅ ቤት አደርን። ሰዎቹ ደግ ናቸው፤ አልጋቸውን ለቀው እነሱ ሳሎን ተኙ። መኪናዋን ግቢ ስናስገባ ግን ሌላ ጉድ ታየ። ከማል ፍሬን ሲይዝ የግራ ፍሬቻዋ ደብዘዝ ብላ ትበራለች፤ ክላክስ ሲነፋ ክሩስኮቱ ላይ ያለው መብራት ብልጭ ይላል። የአክስቱ ልጅ «ሰርጉን ከዚሁ ጀመረችው እንዴ?» ብሎ ቀለደ። ጋራዥ እንውሰዳት አልኩ። ነገ እሁድ ነው፣ ማን ይከፍታል፣ ደግሞ በቀን ነው የምንሄደው አሉኝ። በቀን ነው የምንሄደው። ይህቺን ቃል እየደጋገምኩ ተኛሁ።

እሁድ

ሶላት እንደሰገድን ተነሳን። ሶፊያ ደውላ «አያቴ መርፌዋን ወጋች፣ ደጅ ወንበሯን አውጥታ ተቀምጣለች» አለችኝ።

ደብረ ብርሃን ስንደርስ ጭጋጉ የመንገዱን ዳር እንኳ አያሳይም። ለሀዋሳ ሰው ያን ብርድ በምን ልንገረው? ሸራው ጣሪያ ወንፊት ሆነብን። ከማል የፊት መብራቱን አበራ፤ የቀኙ በራ፣ የግራው እንደ ኩራዝ ቢጫ ሆኖ ቀረ። እስኪገፈፍ እንጠብቅ አልኩ። መንገድ ዳር ያለች ሻይ ቤት ገባን። ባለቤቷ እትዬ አስካለ ይባላሉ፤ ሒጃቤን አይተው እኔ ሳልጠይቅ «ሥጋችንን እንደማትበሉ አውቃለሁ፤ ሽሮ አለኝ፣ ድስቱም የጾም ብቻ ነው» አሉኝ። ትከሻዬ ላይ ጋቢ ጣሉልኝ። ከማል ጠግቦ በላ። እኔ ሁለት ጉርሻ ብዬ ተውኩት። «ምነው ልጄ፣ ጨው በዛ?» አሉኝ። እናቴ ሳትበላ እንደምትጠብቀኝ ነገርኳቸው። «በይ እንግዲህ፣ ጭጋጉን እሱ ያንሳልሽ» ብለው እስክንወጣ በሩ ላይ ቆመው ሰማዩን ያዩልኝ ነበር።

ጭጋጉ ሲገፈፍ ረፍዷል። ጣርማ በር ዋሻ ስንገባ መብራቶቹ ሁለቱም በርተው ነበር። መሀል ላይ ጎማዋ ጉድጓድ ሲመታ አንድ ላይ ጠፉ። ክሩስኮቱም ጨለመ። የራሴን እጅ ማየት አልቻልኩም። ከኋላችን ጭነት መኪና እየመጣ ነው፤ የሞተሩ ድምፅ ግድግዳውን ሲያንቀጠቅጠው ይሰማኛል። የኛ የኋላ መብራት ይብራ አይብራ የምናውቅበት መንገድ የለም። ስልኬን አውጥቼ ባትሪውን አበራሁና እጄን በመስኮት ወደ ኋላ ዘርግቼ ያዝኩት። ሸሃዳዬን ያዝኩ። ከማል ከፊታችን በሚሄድ አይሱዙ ጀርባ ላይ የምትታየውን አንዲት ቀይ መብራት እየተከተለ አወጣን። ማዶ ስንወጣ ብርሃኑ ዓይኔን መታኝ፤ እጄ ግን ለረጅም ጊዜ ከመስኮቱ አልተመለሰልኝም።

ደብረ ሲና ቆሎ ሻጮቹ ከበቡን። አንድ መካኒክ ከፍቶ አየና ፊውዙ ነው አለ። እሱን የሚተካ ስላልነበረው የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለውን ብርማ ወረቀት ጠቅልሎ ሊሰካበት ሲል እጁን ያዝኩት።

«ቢቃጠልስ?»

«ከመቃጠሉ በፊት ትደርሳላችሁ» አለኝ።

አልፈቀድኩም። ትክክለኛውን ፊውዝ ፍለጋ ከተማውን ዞርን። ከማል አልተናገረኝም፤ ግን ደጋግሞ ፀሐይዋን ያያል። ተገኝቶ ሲገባ መብራቱ በራ፤ ቁልቁለቱን ሳንጨርስ እንደገና ጠፋ። ፊውዙ አልነበረም ማለት ነው። መርፌዋም ዜሮ ላይ ተኝታ ቀረች፤ ከዚያ ወዲያ አልተነሳችም።

በዚያ ቁልቁለት ፍጥነታችንን የማውቅበት ነገር ስላጣሁ አንድ ዘዴ ፈጠርኩ። መንገዱ ዳር የኪሎ ሜትር ድንጋዮች አሉ። ከአንዱ ድንጋይ እስከሚቀጥለው የቁርኣን መክፈቻ የሆነችውን ፋቲሃን ረጋ ብዬ ሁለት ጊዜ እቀራለሁ። ሁለተኛውን ሳልጨርስ ድንጋዩ ካለፈ «ከማል፣ ቀንስ» እለዋለሁ። የአላህ ቃል ለእንዲህ ያለ ነገር ይሆናል ወይ ብዬ ልቤ ፈርቷል። ሲመቸኝ ሼሁን እጠይቃለሁ አልኩና ቀጠልኩ። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ወላፈኑ ፊታችንን ገረፈው፤ ጠዋት የደረብኩትን ሁሉ አወለቅኩ። ጎማችን እዚያ ተነፈሰ። እሱን አስለጥፈን ስንነሳ የከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት ደርሷል፤ እናቴ ዘንድ ለቀትር ተብሎ ነበር።

ሰንበቴ ስንገባ ገበያው እየፈረሰ ነው። ግመሎች፣ ፍየሎች፣ ጨው የጫኑ፣ እህል የጫኑ፣ ሁሉም መንገዱ ላይ ነው። ልጅ ሳለሁ ከአባቴ ጋር እመጣበት የነበረ ገበያ ነው፤ ያኔ ግመሎቹ ያስፈሩኝ ነበር። አሁን ግን ከመኪናችን ዝቅታ የተነሳ የሚታየኝ ጉልበታቸው ብቻ ነበር። መውጫው ላይ አንድ ትራፊክ አስቆመን፤ ወፍራም፣ ላቡን በመሐረብ የሚጠርግ ሰው ነው። ወደ ኋላችን ዞረ።

«ፍሬን ያዝ እስቲ» አለው ከማልን።

«ይዣለሁ።»

«ወንድሜ፣ የግራ ፍሬቻህ ነው የበራው። ስትቆም ልትታጠፍ ነው የምትለኝ?»

ከብት ነጂዎቹ ሳቁ።

«ፍጥነትህንስ በምን ታውቃለህ?» መርፌዋን አይቷል።

ከማል ወደ እኔ ጠቆመ። «እሷ ናት የምታውቀው።»

ትራፊኩ አየኝና ቀልዱን ተወ፤ ፊቴን አይቶ መሰለኝ። «እህቴ፣ ከሚሴ ቅርብ ነው፤ አውቃለሁ። ግን ከብቱ ከገበያ ሲመለስ መንገዱን ሞልቶታል፣ ፀሐይም እየዘቀዘቀች ነው። መብራት ሳይኖራችሁ ብለቃችሁ ነገ ስማችሁን የምሰማው ሌላ ቦታ ነው። ኢድሪስ ጋ ውሰዷት። ካበራላችሁ መንገዱ በሰዓት እላፊ ሳይዘጋ ትሄዳላችሁ። ከተዘጋ በኋላ ግን እኔም አላሳልፍም፤ ጊዜውን ታውቁታላችሁ።»

ደወልኩ። እናቴ ራሷ አነሳች። ድምፅዋ አፏ ውስጥ ተንከባሎ ነው የመጣው፣ ቃሉን እየጎተተች። «የት ነሽ?» ሰንበቴ አልኳት። «ደህና ነሽ?» ደህና ነኝ አልኳት። ሶፊያ ስልኩን ተቀብላ «አክስቴ፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ያልባታል። ሻይ በስኳር እንኳ አልቀምስም አለች» አለችኝ። አፏ ላይ ማር ቀቢያት፣ እየታገልሽም ቢሆን አልኳት። መልሷን ሳልሰማ ኔትወርኩ ሄደ። ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

ኢድሪስ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ሱቁ ቆርቆሮ፣ ደጁ በአሮጌ ባትሪ የታጠረ። መኪናዋን ሲያይ «ኮቱ፣ ኮቱ» እያለ በእጁ ጠርቶ አስገባን፤ ኦሮምኛውንና አማርኛውን እንደኛ ሰው አንድ ላይ ነው የሚናገረው። የግራውን የፊት መብራት ነቀለ። ከባትሪ በቀጥታ ሽቦ ስቦ ሲነካው ቦግ አለ። መልሶ ቦታው ላይ ሲያስረው ጠፋ። ነቀለው፣ በራ። አሰረው፣ ጠፋ። አምፖሉን ለወጠ፤ ያው። ማብሪያውን ፈትቶ አጸዳ፤ ያው። ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በቴስተር ለካ፤ ኤሌክትሪክ ይመጣል።

«እጄ ላይ ትበራለች፣ ቤቷ ስትገባ ታኮርፋለች» አለ። «እንዲህ ያለች ሚስት አይቼ አላውቅም።»

«ቶሎ በል ወንድሜ» አልኩት። ለምን እንደቸኮልኩ ነገርኩት። ከዚያ በኋላ አልቀለደም።

ደጁ ላይ ባለው አግዳሚ አንድ የአፋር ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር፤ አባ ያዮ ይሏቸዋል። ፍየሎቻቸውን ጭነት መኪና ላይ አስጭነው እስኪነሳ እየጠበቁ ነው፤ ከሚሴ አድረው ኮምቦልቻ ያደርሷቸዋል። ከማልን ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡት። «ዳጉ ንገረኝ» አሉት። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ያዩትንና የሰሙትን ሳይቀንሱ፣ ሳይጨምሩ፣ በተራ ይነጋገራሉ፤ ያን ነው ዳጉ የሚሉት። ሀዋሳ ያደገ ሰው ምን ያውቃል? ከማል «ሰላም ነው አባ፣ መብራት ጠፍቶብን ነው» ብሎ ጨረሰ።

አባ ያዮ ቅር አላቸው። «ይሄ ወሬ አይደለም። ከየት ተነሳችሁ? ከመነሳታችሁ በፊት ምን ሆነ?» አሉ ወደ እኔ ዞረው።

የመናገር ልብ አልነበረኝም። ግን ልጅነቴን ያሳለፍኩበት አገር ነው፤ ዳጉ ተጠይቆ ዝም አይባልም። ስለዚህ ቆሜ፣ ዓይኔ ኢድሪስ እጅ ላይ ሆኖ፣ ነገርኳቸው። ለሶፊያ ሰርግ እንደምንሄድ፣ ከማል ለክብሯ ብሎ መኪናዋን እንዳስቀባ፣ ቀለም ቀቢው መብራቱንም ክሩስኮቱንም ነቅሎ እንደመለሰ፣ መቂ ላይ መርፌዋ እንደተንቀጠቀጠች—

«ቆይ» አለ ኢድሪስ። ካቻቢቴው እጁ ላይ ቀረ። «መቼ ነው የተቀባችው?»

«በዚህ ሳምንት።»

«ከዚያ በፊት መብራቷ ጤነኛ ነበር?»

«ሃያ ዓመት ሙሉ» አለ ከማል። ከገዛት ሃያ ዓመት አልሞላውም፤ ሲደነግጥ ያጋንናል።

ኢድሪስ መብራቱ የሚታሰርበትን ቦታ በጣቱ ዳሰሰ። ብሎኑ የሚያርፍበት ብረት፣ ከሥሩ ያለው ሁሉ፣ ወፍራም ቀይ ቀለም ጠጥቷል። «ሰውየው ብረቱንም ብሎኑንም አንድ ላይ ቀብቶታል» አለ። «መብራት በሽቦ ይመጣል፣ በመኪናው አካል ይመለሳል። መመለሻው ተዘግቷል። መመለሻ ሲያጣ በፍሬቻው በኩል ይዞራል፣ በክላክሱ በኩል ይዞራል። እኔ የሚመጣውን ስለካ ዋልኩ።» የብርጭቆ ወረቀት አነሳና ፋቀው። ነጭ ብረት ሲወጣ መብራቱን መልሶ አሰረ። ቦግ ብሎ ቀረ። በቡጢ መታው፤ አልጠፋም።

ከማል ራሱን ያዘ። ያን ቀለም ለክብር ነው ያስቀባው።

ግን የቀሩት አሉ፤ የቀኙ የፊት መብራት፣ የኋላዎቹ፣ የፍሬን መብራቱ፤ እያንዳንዱ ተፈትቶ መፋቅ አለበት። ኢድሪስና ከማል በሁለት በኩል ተጣጥፈው ሲፍቁ ፀሐይዋ ከተራራው ጫፍ ደረሰች። የፍጥነት መለኪያውን ገመድ ደግሞ ቀለም ቀቢው ሲመልሰው አጥፎት ውስጡ ተበጥሷል፤ ሰንበቴ ላይ የሚተካው የለም። የኋላው መብራት ገና እየታሰረ ሳለ ትራፊኩ በእግሩ መጣ። ፊቱን ሳየው ገባኝ።

«ተዘጋ» አለ። «የመጨረሻዎቹ የከብት መኪኖች ናቸው አሁን የሚወጡት፤ ተፈቅዶላቸው ነው።»

«ጭነት መኪናው ይውሰደኝ» አልኩ። አባ ያዮ ራሳቸው ሹፌሩን ጠየቁልኝ። ጋቢናው ውስጥ አንዲት አራስ ከነልጇና ከእናቷ ጋር ተጨናንቃለች፤ ላዩ ፍየል ነው፣ ከፍየሎቹ መሀል ወንዶች ቆመዋል። ቦታ አልነበረም። ከማልን ወደ ጎን ስቤ «እንሂድ፣ የፊቱ በርቷል፣ ማን ያየናል» አልኩት። እኔ ነኝ ይህን ያልኩት። በሲጋራ ወረቀት የተጣላሁት እኔ።

ከማል፣ ፍጥነት ቀንስ እያልኩ የምለምነው ሰው፣ ራሱን ነቀነቀ። «ዘሐራ፣ እናትሽ አንድ ልጅ ለመንገድ ሰጥታለች።»

አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። አልቅሼ እንደሆነ አላስታውስም። አባ ያዮ ዱላቸውን ተደግፈው ከፊቴ ቆሙ።

«እናትሽ ምን ብትሰማ ትበላለች?» አሉኝ።

«ስሚ ቢሏት አትሰማም አባ። ያየ ሰው ካልነገራት አታምንም።»

«እኔ አይቻለሁ። ቤቷን ንገሪኝ።»

ከመስጊዱ ጀርባ፣ የሟቹ የሰይድ እናት ቤት ቢሉ ሁሉም ያሳይዎታል አልኳቸው። ደገሙልኝ። መሄድ ሲገባቸው ግን ቆሙ። «ስትበሉ ልይ» አሉ።

«ምን?»

«እናትሽ ‹በሉ ወይ?› ብላ ትጠይቀኛለች። እናት ሌላ ምን ትጠይቃለች? ያላየሁትን አልነግራትም።»

የጭነት መኪናው ክላክስ ነፋ። የኢድሪስ ሚስት ሐሊማ ሁሉንም ከበሩ ላይ ሆና ስትሰማ ነበር፤ የራሳቸውን እራት፣ የማሽላ እንጀራ በፍየል ወጥ፣ በትልቅ ሰሐን ይዛ ወጣች። «አብሽሪ እህቴ፣ ቢስሚላህ በይ» አለችኝ።

«እሷ ሳትበላ እንዴት ልብላ?» አልኩ።

«አንቺ ካልበላሽ እሷም አትበላም» አሉ አባ ያዮ፤ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ቶሎ በይ፣ መኪናው ይሄድብኛል።»

ከማል በላ፤ እሱ ይችላል። እኔ ቆረስኩና ጎረስኩ። አፌ ውስጥ አሸዋ ሆነብኝ። የእናቴ የሚንቀጠቀጥ እጅ እየታየኝ ዋጥኩት። ሁለተኛውን ጎረስኩ። ሽማግሌው ዓይናቸውን አልነቀሉም። ሦስተኛው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ፤ እንባዬ መጣ፣ ሐሊማ ውሃ ሰጥታኝ አወረድኩት። አባ ያዮ «በቃ» አሉና ዱላቸውን አንስተው ወጡ፤ ፍየሎቹ መሀል ሲወጡ ወንዶቹ እጃቸውን ይዘው ሳቧቸው።

እነ ኢድሪስ ቤት አደርን። ኔትወርኩ እንደጠፋ ነው። ስለዚያ ሌሊት ሌላ የምጽፈው የለኝም፤ ሐሊማ ሳታንቀላፋ ከጎኔ ተቀምጣ ነበር።

ሰኞ

መንገዱ እንደተከፈተ ወጣን። ትራፊኩ ከኋላችን ቆሞ ፍሬን አስያዘን፤ ቀዩ በራ፣ እጁን አወዛወዘልን። ከማል ጠዋትም ቢሆን መብራቱን ሁሉ አብርቶ ነው የነዳው። መርፌዋ አሁንም ዜሮ ላይ ናት፤ ስለዚህ ፋቲሃዬን ያዝኩ። ጨፋ ሜዳው አረንጓዴ ነው፣ ውሃ የተኛበት፣ ከብት የሞላበት፤ እንደኛው ሐይቅ ዳር ሰው ተቀምጦ ሊያየው የሚገባ ነው። አላየሁትም። ድንጋዮቹን ነው የማየው።

«ዛሬ ፋቲሃሽ ፈጥናለች» አለኝ ከማል ጥቂት እንደሄድን።

ቶሎ እንዲነዳ ቶሎ እየቀራሁ ነበር። አፍሬ እንደገና ረጋ ብዬ ጀመርኩ።

ጨፋ ሮቢት በጎች መንገዱን ሞልተው አቆሙን። ባለ በጎቹ መኪናዋን ከበው «ይቺ ናት መብራት የጠፋባት?» አሉ። እንዴት አወቃችሁ ስንላቸው ትናንት በከብት መኪና ያለፉ ሰዎች አወሩ አሉን። ስለ እናቴ የሚያውቅ ግን አልነበረም። ጠይቄያቸዋለሁ።

ከሚሴ ገባን። ባጃጆቹን፣ ሱቆቹን፣ መስጊዱን አለፍን። ሰፈራችን ስንታጠፍ የእናቴ ወንበር ደጃፉ ላይ ነበር። ባዶውን። እናቴ መንገደኛ ስትጠብቅ ከዚያ ወንበር ለሶላት ካልሆነ አትነሳም። ከማል ሳያቆም በሩን ከፍቼ ወረድኩ፤ ጫማዬ አንዱ መኪናው ውስጥ ቀረ።

ግቢው ውስጥ ሴቶች ተቀምጠው ሽንኩርት ይልጣሉ። ሁሉም ቀና ብለው አዩኝ። ከጓዳ በኩል የእናቴ ድምፅ መጣ። «ማነው ይሄን ያህል ወፍራም አድርጎ የላጠው? ግማሹን ሽንኩርት ጣላችሁት እኮ።»

በሩ ላይ ቆምኩ። እናቴ ሰሐን ከፊቷ አድርጋ ቁርስ ትበላለች። አየችኝ፤ ከራሴ እስከ ባዶ እግሬ።

እጇን ስሜ ጉልበቷ ሥር ተቀመጥኩ። «ማታ በላሽ?» አልኳት።

«በላሁ።»

«አባ ያዮን አመንሻቸው?»

«መጀመሪያ ‹ልጆችሽ ሰንበቴ ናቸው፣ ደህና ናቸው› ሲሉኝ ይሄን ሰው ማን ላከው አልኩ። ለሰይድም እንዲህ ነበር ያሉኝ።» አፏን ጠረገች። «‹በሉ ወይ?› አልኳቸው። ‹ባሏ ጥሩ በላ። ልጅሽ ሦስት ጉርሻ ነው፤ በሦስተኛው አለቀሰች፣ ውሃ ሰጧት› አሉኝ። ሊያጽናናኝ የመጣ ሰው እንዲህ አይለኝም። ያን ጊዜ ሰሐን አስመጣሁ፤ እሳቸውም አብረውኝ በሉ።»

ሰሐኑን ወደ እኔ ገፋችው።

«ሦስት ጉርሻ ምን ያደርግልሻል? ብይ።»

በላሁ። እስክጨርስ ድረስ ከፊቴ አልተነሳችም።